በመንዝ ደጋ ስለ ጀበናና ስለ ቤት የቡና ማሽን ውሃ አሞላልና አስተጣጠብ

የመንዝ ደጋ ቡና አያበቅልም። ገብስና ባቄላ፣ ስንዴና ምስር የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት ብርዳም አገር ስለ ሆነ፣ አንዲት ፍሬ ቡና ብትሆን እንኳ ከገበያ ተገዝታ የመጣች ናት። ሆኖም ዛሬ በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ፣ በግሼ ራቤልም ሆነ በመርሐ ቤቴዋ ዓለም ከተማ፣ በማለዳ ወደ ሰው ቤት የገባ እንግዳ ቡና ሳይጠጣ አይወጣም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከጀበናው ጎን ሌላ ዕቃ ተቀምጦ አልፎ አልፎ ይታያል። ይኸውም ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው፣ በቤት ውስጥ እንዲሠራ የታሰበ ትንሽ የኤሌክትሪክ የቡና ማሽን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ማሽን በዚያ አገር ውሃና አየር እንዴት እንደሚሞላና እንዴት እንደሚታጠብ ማስረዳት ነው። ጉዳዩ ለምርምር መጽሔት እጅግ ያነሰ ይመስል ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ እንዲሁ አስቤ ነበር። ነገር ግን መሐል ሜዳ የሚኖሩት አክስቴ ሴት ልጃቸው ከቤይሩት በላከችላቸው ማሽን፣ በቤታቸው የፊት ክፍል ለአስተማሪዎችና ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች ቡናና ማኪያቶ እየሸጡ ሁለት ልጆች ያስተምራሉ። ማሽኑ በሰባተኛው ወሩ ድንገት ዝም ባለ ጊዜ የቤቱ ገቢም አብሮ ዝም አለ። ጠጋኝ ፍለጋ እስከ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ተጭኖ ሄደ፤ ማስጠገኛውም የአንድ ወር ተኩል ትርፋቸውን በላ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በጥሞና መመርመር የጀመርኩት።

ከማሽኑ ጋራ የመጣው የአጠቃቀም መጽሐፍ በስድስት ቋንቋ ተጽፎ ሳለ አማርኛ የለበትም። እንግሊዝኛውን ለአክስቴ አነበብኩላቸው። መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያስጠነቅቀው ስለ አንድ ነገር፣ ውሃ ውስጥ ስላለው ኖራ ነው። እኔም መጽሐፉን አምኜ የአክስቴን ማሽን የገደለው ኖራ ነው ብዬ ፈረድኩ። ተሳስቼ ነበር። እንዴት እንደ ተሳሳትኩ ከመናገሬ በፊት ግን አስቀድሞ ስለ ጀበናዋ መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም አክስቴ ማሽኑን የያዙት ጀበና በያዙበት እጅ ነው።

በቀድሞ ጊዜ በደጋው አገር ቡና መጠጣት ለክርስቲያን የተገባ ነገር አልነበረም፤ የሙስሊሞች መጠጥ ነው ተብሎ ይታይ ነበርና። ይህ አስተያየት የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም ካህናቱ ስለ ቡና የነበራቸውን ጥርጣሬ በማለዘብ ረድተዋል ተብሎ ተጽፏል። አያቴ በልጅነታቸው ያዩአቸው አንዳንድ ሽማግሌዎች ቡና ሳይቀምሱ እንደ ሞቱ ይናገራሉ። እንግዲህ በእኛ ቤት የጀበና ልማድ ከሦስት ትውልድ አያልፍም ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ አጭር ዕድሜ ውስጥ ጥብቅ ሕግ አውጥቷል።

ጀበና በላይኛው አፏ ውሃ ትቀበላለች፤ በጎኗ አፍንጫ ትቀዳለች። ስትሞላ እስከ አፏ አትሞላም፤ ውሃው ከአንገቷ በታች እንዲቆም ይደረጋል። ምክንያቱም ቡናው ሲፈላ አረፋው በጠባቡ አንገት ወደ ላይ ይወጣል፤ ቦታ ካላገኘ ይገነፍላል፤ እሳቱንም ያጠፋል። እሳቱ ብዙውን ጊዜ ኩበት ነው፤ እንጨት በመንዝ ውድ ነውና ኩበቱ እንዲሁ እንዲጠፋ ማንም አይወድም። ቡናው ከወጣ በኋላ ጀበናዋ በማቶቷ ላይ ጋደል ብላ ትቀመጣለች፤ አተላው ሲወርድ ቡናው ሰከነ ይባላል። አቦል ከተጠጣ በኋላ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ቶና ይፈላል፤ እንደገና ተጨምሮ በረካ ይሆናል። ስለዚህ በጀበና ውሃ መጨመር ማለት አንዱን ቡና ሦስት ጊዜ ማሠራት ነው። በማሽኑ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ውሃው ከቋቱ እየተቀዳ በየሲኒው አዲስ ቡና ይፈልጋል፤ አተላውም ወዲያው ይጣላል። አክስቴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማሽኑን አተላ ሁለተኛ ለማውጣት ሞክረው ነበር። ቀለም የነካው ውሃ ብቻ እንደ ወጣላቸው እየሳቁ ነገሩኝ።

በረካ ከተቀዳ በኋላ ጀበናዋ አተላው ሳይደርቅ ትታጠባለች። አያቴ ለብ ያለ ውሃ ይጨምሩባትና አንገቷን ይዘው ይነቀንቋታል፤ ከዚያም አተላውን በላይኛው አፏ ይደፉታል። በአፍንጫዋ መድፋት ክልክል ነው፤ አተላው እዚያ ጠባብ ቦታ ይወተፋልና። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ አንድ እፍኝ ገብስ ከሙቅ ውሃ ጋራ ጨምረው አጥብቀው ይነቀንቃሉ፤ ገብሱ እጅ የማይገባበትን ሆዷን ይፈገፍጋል። ሳሙና ግን አይነካትም። ሸክላ ቀዳዳ ያለው ነገር ስለ ሆነ የሳሙናውን ጣዕም ጠጥቶ በማግስቱ ለቡናው ይመልሰዋል። ታጥባ ስታበቃ እንድትደርቅ ተደፍታ ታድራለች። በማግስቱ ውሃ ከመጨመራቸው በፊት አያቴ አንገቷን ያሸታሉ፤ የከረፋ ሽታ ካለ ሌሊቱን ቡና ያሳደረ ሰው አለ ማለት ነውና ቤተሰቡ ይመረመራል። ይህን ምርመራ በልጅነቴ ደጋግሜ ተቀብያለሁ።

የሚከረፋው የቡናው ቅባት ነው። የተቆላ ቡና ቅባት አለው፤ ይህም ቅባት በዕቃው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየር ሲያገኘው እንደ ቆየ ቅቤ ይበላሻል። በጀበናም በማሽንም ይኸው ነው። ልዩነቱ የጀበናዋ አንገት ወዲያው የሚሸተት ሲሆን የማሽኑ አንገት በብረት ሽፋን ውስጥ የተደበቀ መሆኑ ብቻ ነው።

ስለ ማሽኑ አሠራር

ቡናን በእንፋሎትና በግፊት የማውጣት ሐሳብ የጣሊያኖች ነው። የቶሪኖው ሰው አንጀሎ ሞሪዮንዶ እ.ኤ.አ. በ1884 ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ የፈጠራ መብት አገኘ፤ የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 አሻሻለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አኪሌ ጋጂያ በእጅ በሚሳብ ዘንግ ግፊቱን ከፍ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ፋኤማ የተባለው ፋብሪካ ኢ 61 ማሽን ደግሞ ሥራውን ከእጅ ወደ ኤሌክትሪክ ፓምፕ አዛወረ። በአገራችንም የጣሊያን ቋንቋ በቡና ቤቱ ቀርቷል፤ ማኪያቶ የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ ነጠብጣብ ያረፈበት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቶሞካ ስሙ ከጣሊያንኛ ቃላት የተውጣጣ ነው። አሁን የምንናገርለት ትንሹ የቤት ማሽን የነዚህ ትልልቆቹ ልጅ ነው።

ከኋላው ተነቃይ የውሃ ቋት አለው። ከቋቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ቱቦ ውሃውን ይስባል፤ በቱቦው ጫፍ እንደ ጥፍር ያነሰች ወንፊት አለች። ፓምፑ ውሃውን ወደ ማፍያው ይገፋል፤ ማፍያው ያሞቀዋል። ሙቁ ውሃ ከላይ ባለው ጭንቅላት በኩል ወርዶ፣ ባለ እጀታው ዕቃ ውስጥ በተጠቀጠቀው ቡና ውስጥ ሾልኮ ወደ ሲኒው ይንጠባጠባል። ለአንድ ሲኒ 7 ግራም ያህል የተፈጨ ቡና ይበቃል፤ ግፊቱም 9 ባር ገደማ ሲሆን ጥሩ ነው ይባላል፤ ይህም እኛ ከምንኖርበት የአየር ግፊት ብዙ እጥፍ ነው። በጎን በኩል ደግሞ ወተቱን የሚያሞቀውና አረፋ የሚያስነሣው የእንፋሎት ቧንቧ አለ።

እዚህ ላይ የመንዝ ከፍታ ይገባበታል። በተማርኩበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህራችን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለው ካስጻፉን በኋላ ቴርሞሜትር ሰጥተው ውሸት መሆኑን በዓይናችን አሳይተውን ነበር። ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ በአክስቴ ጀበና የፈላውን ውሃ ለክቼ 90 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አገኘሁት። እሳቱ ምንም ቢነድ ጀበናዋ ከዚያ በላይ አትሞቅም። የጀበና ቡና በደጋ ዘለግ ላለ ጊዜ እሳት ላይ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ማሽኑ ግን በግፊት ስለሚሠራ ውሃው ከ90 በላይ ሞቆ ሳይፈላ መቆየት ይችላል። ችግሩ ከማሽኑ አፍ ሲወጣ ነው፤ ግፊቱ ወዲያው ስለሚለቀው ከፊሉ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል። በዚህ የተነሣ ማሽኑ በመጀመሪያ ይተፋል፣ ይንጫጫል። የአክስቴ ደንበኞች ገና በመጀመሪያው ሳምንት ማሽኑ ተበላሽቷል ብለው ነበር። አልተበላሸም፤ የተሠራው ለባሕር ዳርቻ ሰው ስለ ሆነ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው። ባለ እጀታው ዕቃ ከመገጠሙ በፊት ግማሽ ሲኒ የሚያህል ውሃ ባዶውን እንዲወርድ ማድረግ ነው። ይህን ማድረግ ጭንቅላቱን ያበርደዋል፤ ደግሞም ያለፈውን ሲኒ አተላ ከጭንቅላቱ ወንፊት ያጥባል። ስለዚህ አንዱ ሥራ ሁለት ጥቅም አለው፤ ውሃው ግን አለቀ አላለቀ ብሎ ቋቱን ቶሎ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል።

ማሽኑ ሲከፈት የተገኘው

ደብረ ብርሃን ጠጋኙ ማሽኑን የከፈቱት እኔ ባለሁበት ነው። በካቻቪቴ ሽፋኑን ፈትተው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ሲያወጡ የኖራ ቅርፊት እጠብቅ ነበር። የታየው ግን እንደ እንቁላል የውስጥ ስስ ቆዳ ያለ ነጭ ልባስ ብቻ ነው፤ ማሽን የሚያቆም አይደለም። የውሃ መሳቢያዋ ትንሽ ወንፊት ግን በቡናማ ደለል ተወትፋለች። ከቋቱ ውሃ እያለ ፓምፑ ውሃ አላገኘም። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው የሚስበው ውሃ ራሱ ነው፤ ውሃ ያጣ ፓምፕ ደረቁን እየተንቀጠቀጠ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። የአክስቴም እንዲሁ ተቃጠለ። የእንፋሎቱ ቧንቧ ደግሞ በውስጡ ባረረ ወተት ጠብቦ ነበር፤ ማፍያው ሲከፈትም የኮመጠጠ ወተት ሸተተ።

ወደ መሐል ሜዳ ተመልሰን፣ «እትዬ፣ የዚህን ውስጡን ማን ነበር የሚያጥበው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማን ይጠበው ብለህ ነው ልጄ? ሁል ጊዜ ውሃ አይደል የሚያልፍበት!» አሉኝ።

ይህ መልስ የስንፍና መልስ አይደለም። አክስቴ ጀበናቸውን አንድ ቀን ሳያጥቡ አድረው አያውቁም። ማሽኑ ግን የሚታይ ሆድ ስለሌለው የሚታጠብ ዕቃ መስሎ አልታያቸውም። የፊቱን ብረት በየቀኑ ወልውለው እንደ መስታወት ያበሩት ነበር።

ደለሉ ከየት መጣ ለሚለው፣ ውሃው በጀሪካን ነው የሚቀመጠው፤ ክረምት ሲገባ የሚመጣው ውሃ ይደፈርሳል። አክስቴ ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ቋቱ ይገለብጡ ነበር፤ ለጀበናም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጀበና ደለልን ይቅር ትላለች፤ ደለሉ ከአተላው ጋራ አብሮ ይሰክንና አብሮ ይደፋል። ማሽኑ ውስጥ ግን ምንም ነገር ለመስከን ጊዜ የለውም። ስለዚህ መስከን ያለበት ውሃው ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ነው። አሁን አክስቴ የማግስቱን ውሃ ማታ በአንድ ባልዲ አስቀምጠው ያሳድራሉ፤ ጠዋት ታቹን ሳያናውጡ ላይ ላዩን ቀድተው በታጠበ ነጠላ ያጠሉታል። ቋቱን ሁለት ሦስተኛ ሞልተው፣ አንድ ሦስተኛ ሲቀር ይጨምራሉ፤ ጨርሶ እንዲያልቅ አይተዉትም። ምናልባት ውሃ አልቆ አየር ወደ ቱቦው ቢገባ ፓምፑ ይጮኻል እንጂ አይስብም። ያን ጊዜ ቋቱን ሞልቶ የእንፋሎቱን ቧንቧ መክፈትና ውሃው በዚያ በኩል ሳይቆራረጥ እስኪወጣ በአጭር በአጭሩ ማስነሣት ነው። ብዙ ሰው ግን በዚህ ጊዜ ተናዶ ለረጅም ጊዜ ያስጮኸዋል፤ ፓምፑም በዚያው ይሞታል።

ስለ ኖራው

መጽሐፉ ዋሸ ማለቴ አይደለም። ስለ ሌላ አገር ውሃ እውነቱን ተናግሯል። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ካልሲየም ባይካርቦኔት የሚባለውን ነገር አሟሙቶ ይይዛል። ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተናል፤ የቀረው ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ እንደ ድንጋይ በማፍያው ላይ ይለጠፋል። ይህ ቅርፊት ሙቀትን አያሳልፍም፤ ስለዚህ ማሞቂያው ከልክ በላይ ይግላል፣ ጠባቦቹም ቧንቧዎች ይደፈናሉ። እንዲህ ያለውን ውሃ ማሳደር አይፈውሰውም፤ መስከን ደለሉን እንጂ የሟሟውን አያወጣምና። አስቀድሞ በማንቆርቆሪያ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ግን ኖራውን በከፊል ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያስቀረዋል።

የመንዝ አምባ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከእርሱ የሚመነጨው ውሃ የሚይዘው ኖራ ከኖራ ድንጋይ ውሃ ያነሰ ነው። ወደ መርሐ ቤቴ ወርደን የጀማን ሸለቆ ስናይ ግን ወንዙ ያን ጥቁር ድንጋይ ቆርጦ ከሥሩ ያለውን የቆየ የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ገልጦታል። ወደ ሸለቆው ዝቅ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ የእናቴ ዘመዶች ማንቆርቆሪያ ውስጡ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነጭ ነው። ከቅርፊቱ ጥቂት ፈቅፍቄ አቼቶ ሳንጠባጥብበት ወዲያው እየተንጨረጨረ አረፋ አወጣ፤ ከመሐል ሜዳው ማሽን የተወሰደው ደለል ግን አቼቶ ሲነካው ዝም አለ። ይህ የሁለት ማንኪያ ሙከራ ከመጽሐፉ ይልቅ አስተማረኝ። ማንም ሰው የቤቱን ማንቆርቆሪያ በዚህ መንገድ ቢመረምር ለማሽኑ የሚያስፈልገውን ማወቅ ይችላል።

ስለዚህ በሸለቆው ወገን ያለ ማሽን በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ በአሲድ መታጠብ ሲኖርበት፣ በደጋው ግን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃዋል ብዬ እገምታለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ከ20 እስከ 30 ግራም ሲትሪክ አሲድ፣ ማለትም በሎሚ ውስጥ ያለውን ጎምዛዛ ነገር በዱቄት መልክ፣ ማሟሟት፤ ቋቱን በዚህ ሞልቶ ማሽኑን ማሞቅ፤ ጥቂቱን በጭንቅላቱ፣ ጥቂቱን በእንፋሎቱ ቧንቧ ማውጣት፤ አጥፍቶ ሩብ ሰዓት ያህል መተው፤ ከዚያ የቀረውን ማፍሰስ። በመጨረሻ ሁለት ሙሉ ቋት ንጹሕ ውሃ ማሳለፍ ነው። ዱቄቱ ካልተገኘ አቼቶ በውሃ ቀጥኖ ይሠራል፤ ሽታው ግን ቶሎ አይለቅም። የሎሚ ጭማቂ ሥጋና ፍሬ ስለሚቀርበት አልመክርም። በረኪና ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ብረቱን ይበላል፤ ለጠጪውም አደገኛ ነው፤ ከአሲድ ጋራ ከተገናኘ ደግሞ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል።

ስለ ወተትና ስለ መብራት መጥፋት

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ወተቱ እንዴት ወደ ማፍያው እንደ ገባ ነው። ቧንቧው እንፋሎት የሚያወጣ እንጂ የሚስብ አይመስልምና። ምክንያቱ መብራት መጥፋት ነው። አክስቴ ወተት እያሞቁ ሳለ መብራት ሲሄድ፣ ቧንቧው ወተቱ ውስጥ እንደ ተነከረ ሻማ ፍለጋ ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ ማፍያው እየቀዘቀዘ ነው። እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ወደ ውሃ ይመለሳል፤ የያዘውም ቦታ ባዶ ይሆናል። ባዶው ቦታ የሚሞላው ነገር ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በቧንቧው በኩል ወተት ብቻ ነው። ትልልቆቹ የቡና ቤት ማሽኖች በዚህ ጊዜ አየር የሚያስገባ ቫልቭ አላቸው፤ የአክስቴ ትንሽ ማሽን ግን አልነበረውም።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ከሻማው በፊት የወተቱን ዕቃ ማውጣት፣ ከዚያም ፊትንና እጅን አርቆ ቧንቧውን ለአፍታ መክፈት ያስፈልጋል። መብራት ባይጠፋም ወተት በተሞቀ ቁጥር ቧንቧውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንፋሎቱን አንድ ጊዜ ለቀቅ ማድረግ ነው። ይህ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ለወተቱ የተያዘው ጨርቅ ለሌላ ሥራ መዋል የለበትም።

የጾሙ ነገር ደግሞ ለብቻው ይታሰባል። ረቡዕና ዓርብ ደንበኞቹ ቡና ይጠጣሉ እንጂ ወተት አይነኩም። እንግዲህ ማክሰኞ ማታ በመጨረሻው ማኪያቶ ቧንቧው ላይ የቀረ ወተት እስከ ሐሙስ ጠዋት ሳይነካ ይቀመጣል፤ ይደርቃል፤ ሐሙስ በእንፋሎቱ ሙቀት ያርራል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ቧንቧው 55 ቀን ሥራ ይፈታል። የአጠቃቀም መጽሐፉ ይህን ሊያውቅ አይችልም። አክስቴ ግን ምክንያቱን እንደ ተረዱ ሥርዓቱን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የቧንቧውን ጫፍ ፈትተው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ፤ ቀዳዳዎቹን በመርፌ ይከፍታሉ። ረቡዕን ደግሞ የጭንቅላቱ ማጠቢያ ቀን አደረጉት። የጭንቅላቱን ወንፊት ፈትተው በሙቅ ውሃና በጥቂት የምግብ ሶዳ ከዘፈዘፉ በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጉታል፤ ዙሪያውን ያለውን የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉትን፣ ከአተላ ይጠርጋሉ። አተላ ሥር የገባበት ጎማ አይገጥምም፤ ግፊቱም በጎን ያመልጣል። መጀመሪያ ጊዜ ሲፈቱት ከወንፊቱ ጀርባ የወጣውን ጥቁር ቅባት አሽትተው፣ «ይህን ነው ሰው ሳጠጣ የኖርኩት?» ብለው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

በአንዳንድ ማሽኖች ጭንቅላቱን ቀዳዳ በሌለው ወንፊት ዘግቶ ውሃውን ወደ ኋላ በመመለስ የማጠብ ዘዴ አለ። ይህ የሚሆነው ግፊቱን የሚያስተነፍስ ልዩ ቫልቭ ላለው ብቻ ነው። የሌለውን በዚህ መንገድ ማጠብ ፓምፑን ያስጨንቀዋል። የአክስቴ ማሽን ስለሌለው አልሞከርነውም።

ሌላው የመንዝ ጉዳይ ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ባሉ ሌሊቶች ብርዱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። በቤት ውስጥ ላለ ማሽን ብዙ አያሰጋም፤ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የሚያድር ግን ቋቱና ቱቦው ውሃ ይዞ ማደር የለበትም። ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፤ ቱቦም ይሰነጥቃል። ማታ ቋቱን ደፍቶ መገልበጥ ለውርጩም ለንጽሕናውም ይረዳል።

አያቴ በጥምቀት ሰሞን መሐል ሜዳ መጥተው ማሽኑን አዩ። ቡናው ቶሎ መድረሱን ብዙም አላደነቁም፤ ዕጣን ሳይጤስ ምን ቡና አለ አሉ። ከዚያ ግን ተነሥተው ወደ ጭንቅላቱ ጎንበስ ብለው እንደ ጀበና አንገት አሸተቱት። ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ተቀመጡ፤ አክስቴም ይህን እንደ ትልቅ ምስክር ይቆጥሩታል። ማሽኑ ከተጠገነ አሁን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል፤ በገበያ ቀን እስከ 40 ሲኒ ያወጣል። ከቤይሩት የተላከው አዲሱ የጎማ ቀለበት በሳጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ ነው፤ አሮጌው ገና አያፈስስም።